ውሃ ይብላው ያልኩት ፒያኖ

በኮልፌ ቀራንዮ ከእኔ የባሰ ቂል ካለ እጁን ያውጣ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ቧንቧ መዝጋት ግን ገና አልለመድኩም። ይሄ ነገር የደረሰብኝ ያለፈው ዓመት በጋ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር የደረሰው በሌላ ሰው ላይ ነው፣ አድራሹ እኔ ነኝ። የሰውዬው በር ደረጃው ላይ ስለሆነ በወጣሁ በወረድኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምኖረው ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። ከሥሬ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሮቤል የሚባል የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ይኖራል። የሁለታችንም ቤት "ስቱዲዮ" የሚሉት ነው፤ አንዲት ክፍል፣ ኩሽናና መታጠቢያ። እሱ ግን ቃሉን የምሩን ወሰደው። ግድግዳውን በፍራሽ ሸፍኖ የመጀመሪያ አልበሙን እዚያው መቅዳት ጀመረ። ዘጠኝ ዜማ ነው። ማንም አልነገረኝም፣ ወለሌ ነው የነገረኝ።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ "ደስ ሲል!" ትላለች። እኔ ደግሞ አንዱን ቦታ አርባ ጊዜ ሲመላለስበት "ይሄ ልጅ የጠፋበት ነገር አለ እንዴ?" እላለሁ። በተለይ ዘጠነኛዋ! ጠዋት ጠዋት፣ እንቅልፌ ላይ፣ እሷን ነበር የሚመታት። እኔም በመጥረጊያ እንጨት ወለሉን እመታለሁ።

እሱ በትህትና ይመጣል። "ጋሽ ደምሴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ።"

"የቀረው ትንሽ ምንድነው፣ የእኔ ዕድሜ?" እለዋለሁ።

አንድ እሁድ የብሎካችን ስብሰባ ላይ ተነሳሁና ለኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ለሐጂ ከድር፣ "ሐጂ፣ ይሄን ፒያኖ ውሃ ይብላው!" አልኳቸው። ሰው ሳቀ። ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ መቆሚያ የለኝም፤ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሮቤል ጥግ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

ከዚያ ቅዳሜው መጣ። ውሃ ከጠፋ አምስት ቀኑ ነው። ሮቤል በሩ ላይ ወረቀት ለጥፏል፦ "ዛሬ የመጨረሻውን እየቀዳሁ ነው። እባካችሁ እስከ ስድስት ሰዓት ጸጥታ።" ማይክራፎኖቹን የተዋሰው ለዚያ ቀን ብቻ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

ጥሩወርቅ ለቅሶ ልትደርስ ስትወጣ "ውሃ ከመጣ ሳህኖቹን እጠባቸው" ብላኝ ነበር። ቧንቧውን ከፈትኩት። ፉፉፉ ብሎ አየሩን ተፋብኝ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። "ተመስገን፣ ከሳህን ዳንኩ" ብዬ ሁሉንም ከነስፖንጁ ማጠቢያው ውስጥ ጥዬ አየር ጤና ወዳለችው የመኪና መለዋወጫ ሱቄ ሄድኩ። ቧንቧውን ሳልዘጋ፣ በሩን ግን ቆልፌ። አዲስ አበባ የኖረ ሰው የቀረውን ያውቀዋል።

ስመለስ ውሃው ደረጃ ደረጃውን ወርዶ በር ላይ ተቀበለኝ። የብሎኩ ሰው ሮቤል ቤት ተሰብስቧል። ሐጂ ከድር ሱሪያቸውን ሰብስበው በመጥረጊያ ውሃ ይገፋሉ። ከኮርኒሱ፣ በአምፖሉ ቀዳዳ፣ ውሃው ቀጥ ብሎ ፒያኖው ላይ ነው የሚወርደው። ለቀረጻው ብሎ ክዳኑን ከፍቶት ነበር። ሮቤል ሸሚዙን አውልቆ በሸሚዙ ይጠርገዋል። ቀና ብሎ አየኝ።

"አውቀህ ነው" አለኝ።

ጋሽ የለ፣ አንቱ የለ። አውቀህ!

መሬት ወድቄ ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ ምላሴ ቀደመችኝ። "ምነው፣ የእኔ እርግማን እንዲህ ቶሎ ነው እንዴ የሚሠራው?"

ማንም አልሳቀም። ሐጂ መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። "ደምሴ፣ ያልከውን ሁላችንም ሰምተናል። ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል።"

"ወላሂ ረስቼው ነው፣ ሐጂ!" አልኳቸው። በድንጋጤ የእሳቸውን መሐላ ማልኩ።

"ባልሆነ ነገር አትማል" አሉኝ።

"አሠራልሃለሁ" ስለው ሮቤል ዘሎ መጣብኝ። "መኪና መሰለህ? እንጨት ነው! አብጧል! ሁለት ዓመት የለፋሁበትን!" አራት ሰው ያዘው። እኔን የያዘኝ የለም፤ ራሴ ነኝ ሮጬ ሦስተኛ ፎቅ የገባሁት።

ከዚያ በኋላ ሰላምታ ቀረብኝ። ውሃ በመጣ ቁጥር ከታች አንዱ "ደምሴ! ዝጋ!" ብሎ ይጮኻል፣ ብሎኩ በሙሉ ይስቃል። የለመድኩት ሳቅ ነው፣ አሁን ግን ወደ እኔ ዞሯል። ጥሩወርቅ እንኳን ለልጁ ይቅርታ ልትጠይቅ ብቻዋን ነው የወረደችው። "አንተ ከመጣህ ትቀልዳለህ" አለችኝ።

ከወራት በኋላ አልበሙ ወጣ። ሱቄ ውስጥ ተደብቄ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ የት ጋ ይሳሳት እንደነበር ሳይቀር። ስምንተኛው አለቀ። ጠበቅኩ። ዝም። ያቺ ጠዋት ጠዋት የረገምኳት የለችም። ፒያኖው ድምፁ አልተመለሰም፣ በሌላ ፒያኖ ደግሞ አልቀዳትም ብሏል አሉ።

አውቄ አላደረግኩትም። ግን ያን ሰሞን ፒያኖውን እንዴት እንደጠላሁት ሳስበው፣ አንዳንዴ እኔም ራሴን አላምነውም።

ባለፈው ሳምንት ጄሪካን ተሸክሜ ደረጃ እወጣለሁ። ሳይታወቀኝ ማፏጨት ጀምሬአለሁ። የሮቤል በር በኃይል ተከፈተ። ያን ጊዜ ነው የማፏጨው ምን እንደሆነ የገባኝ። ዘጠነኛዋን ነበር። እኔ አፌን አሞጥሙጬ እንደቆምኩ ቀረሁ። እሱ ብቅ ብሎ አየኝ። ከነጄሪካኔ ሊወረውረኝ ነው ብዬ የደረጃውን ብረት ጨበጥኩ።

በሩን መልሶ እየዘጋ እንዲህ አለኝ፦

"ጋሽ ደምሴ፣ ካፏጩ አይቀር በደንብ ያፏጩ። መጨረሻዋ ወደ ላይ አይወጣም። ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ እንደ ውሃዎ።"