ያለ ገመድ የተሸጠ ኮምፒውተር

ነገሩ የተጀመረው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከብልባላ የመጣ መምህር ከእኔ የገዛውን አሮጌ ኮምፒውተር በገለባ አሽጎ አህያ ላይ ሲጭን፣ እኔ ከመተየቢያ ሱቄ በር ላይ ቆሜ የኤሌክትሪክ ገመዶቹን እያጣጠፍኩ አቀበልኩት። ምንም እንዳይጎድልበት ተጠንቅቄ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ላሊበላ ከተመለስኩ ወዲህ የምተዳደረው ማመልከቻ በመተየብ ነበር። አሮጌው ኮምፒውተር ግን አርጅቶብኛል፤ ፊደሉ ስክሪኑ ላይ እስኪወጣ ባለጉዳዩ የመጣበትን ጉዳይ ይረሳል። በዚያ ሳምንት የከተማው ትምህርት ቤት የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና እንድተይብ ሰጠኝ። ሰኞ ጠዋት ካላስረከብኩ ሥራው ከአቀበቱ በላይ ላለው ተፎካካሪዬ ይሄዳል፤ እሱ ዘንድ የሄደ ሥራ ደግሞ ተመልሶ አያውቅም። ስለዚህ አሮጌውን ሸጬ፣ ያጠራቀምኩትን ጨምሬ፣ የተሻለ አሮጌ ልገዛ ተነሣሁ።

ሻጯ የአንድ ፔንሲዮን ባለቤት የሆኑ ትልቅ ሴት ናቸው። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ላፕቶፕ ስለላከላቸው ሁለት ኮምፒውተር ትርፍ ሆነባቸው። ሁለቱም ዳንቴል ለብሰው ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁኝ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ግራጫ።

የምጠይቀውን በደብተር ጽፌ ይዤ ነበር። በትልቅ ሰው ፊት ደብተር አውጥቶ መርማሪ መምሰል ግን አሳፈረኝ። «እማማ፣ መጸዳጃ ቤቱ የት ነው?» አልኩና ገብቼ ሦስት ጥያቄ በቃሌ ይዤ ወጣሁ። እነሱን ካጣራሁ በኋላ ተመልሼ ገባሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስወጣ ፌጦ በሎሚ በጥብጠው፣ ብርጭቆውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሆድሽን ነው አይደል፣ የኔ ዓለም? ጠጪው፣ ምን ያሳፍራል! የሰው ሆድ ነው።»

ሆዴ ደህና ነው ማለት ስላፈርኩ ጠጣሁት። አራተኛው ምልልሴ የእውነት ሆነ።

ጥቁሩ ቀጭን፣ የሚያምር ነው። ሲከፈት ግን እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፤ አጥፍቼ ባበራሁት ቁጥርም ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ግራጫው ቀለሙ ወይቧል፤ ስክሪኑም ወደ ኋላ ሆዱን የነፋ ነው። ነገር ግን ቶሎ ይነሣል፤ ሜሞሪው የአሮጌዬ እጥፍ ነው፤ ፊደሉም ጣቴን ሳይቀድም ሳይዘገይ ይወጣል።

«ግራጫው ይሁንልኝ» አልኩ።

«ጮክ በይ እስቲ።»

«ግራጫው።»

«ቆንጆው ቆሞ? ባል ስትመርጪ እኔን ጥሪኝ!»

ከፈልኩ፤ ጋሪም መጣ። እማማ ሦስቱን ገመዶች ራሳቸው ነቀሏቸው። ማሰሪያ ሊያደርጓቸው ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ጠቅልለው በሩ ጀርባ ካለው ምስማር ላይ ሰቀሏቸው። እዚያው የተሸጡ በሬዎች፣ የላሞችና የአንዲት በቅሎ ገመዶች ተንጠልጥለዋል።

«እማማ… ገመዱስ?»

«ገመዱማ እዚሁ ይቀራል። ከብት ሲሸጥ ገመዱ አብሮ ይሸጣል እንዴ? አንዴ ተሞኝቼ ጊደር ከነገመዷ ሰጠሁ፤ በዓመቱ በረቱ ባዶ ቀረ። ዕድሌ ገመዷን ተከትሎ ሄደ።»

ይኼ እኮ በመብራት ነው የሚሠራው አልኩ፤ ያልኩት ግን በሆዴ ነው፤ ሆዴ ደግሞ ያን ሰዓት ሌላ ሥራ ይዟል። እማማ በመጨረሻ ማውሱን በሽቦው አንጠልጥለው አዩትና ጋሪው ላይ አስቀመጡት። «ይኼ ጅራቱ ነው። ጅራት ከገላው አይለይም፤ ይሂድ።» ኪቦርዱም በጅራቱ ተረፈ።

ቤት ስደርስ አባቴን ከጎኔ እንዲቆሙ ተስፋ አድርጌ ነገርኳቸው። አባቴ ገበሬ ናቸው።

«ልክ ናቸው» አሉ። «ያንቺውን ገመድስ የት አደረግሽው?»

«ለመምህሩ ሰጠሁት።»

አባቴ ራሳቸውን ያዙ። «ያን ሁሉ ዓመት ተምረሽ፣ ዕድልሽን በአህያ ጭነሽ ለብልባላ ሸኘሽ?»

ገመድ እንዳልዋስ ቅዳሜና እሑድ መሥሪያ ቤቶች ዝግ ናቸው። ሌላ ገመድ ያለው ተፎካካሪዬ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ገመድ ጎደለኝ ብለው፣ ሮጦ ሄዶ ፈተናውን ለራሱ ከትምህርት ቤቱ ይለምናል። ኮምፒውተሩን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ሳየው ዋልኩ። ሊመሽ ሲል አንድ ነገር ታየኝ፤ እማማ ሽቦውን ለምንም አይፈልጉትም። የሚፈልጉት የተሸጠው ነገር ታስሮ የወጣበትን ገመድ ነው። እኔ ግን ሳላስረው፣ በጋሪ ነው የወሰድኩት።

«አባዬ፣ ትርፍ ገመድ አለ?»

አንዱን መርጠው ከጓሮ አመጡልኝ። «አዲስ አይሆንም። ይኼ በሬ የለመደው ነው።»

በማግስቱ ጠዋት የኮምፒውተሩን ሳጥን ዙሪያውን በገመዱ አሰርኩት፤ ጫፉን ክንዴ ላይ ጠምጥሜ፣ ሳጥኑን አቅፌ ወጣሁ። ሰዓቱን ግን አልተጠነቀቅኩም። ሕዝቡ ቅዳሴ ጨርሶ ነጠላውን እንደለበሰ መንገዱን ሞልቶታል። እኔ ሰው ሲያየኝ ጥግ የምይዝ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ጥግም አልነበረም።

«እህቴ፣ ይዋጋል እንዴ?» አለኝ አንድ ዲያቆን፣ መንገድ እየለቀቀ።

ፔንሲዮኑ በር ላይ ሳጥኑን አስቀመጥኩና መንገድ ላይ ያጠናሁትን ሳልተነፍስ ተናገርኩ። «እማማ፣ ትናንት ሳይታሰር ነው የወጣው። ዛሬ አስሬ አመጣሁት። እርስዎ ይፍቱትና ገመዱ ይቅርልዎ፤ እኔ ያንን ሽቦ ልውሰድ።»

እማማ ገመዱን በጣታቸው አሻሹት። «የበሬ ነው?»

«የበሬ ነው።»

ቁጢጥ ብለው ቋጠሮውን ቀስ አድርገው ፈቱት። ገመዱን ከበቅሎዋ ገመድ ጎን ሰቀሉና ሦስቱን ሽቦዎች አወረዱ። «እንኳን ወሰድሽው፤ ይኼ ለገመድነትም አይሆን፣ ይሾልካል። ሆድሽስ እንዴት አደረ?»

«ደህና አደረ» አልኩ፣ ፌጦው ሳይመጣ።

ሽቦዎቹን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ሱቄን ከፍቼ ሰካሁት፤ ግራጫው ወዲያው ተነሣ። እሑድ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ በሩን ገርበብ አድርጌ የፈተናውን የመጀመሪያ ጥያቄ ተየብኩ።