የሆሳዕና ፍትሐት

ሆሳዕና የዘንባባ በዓል ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ከነሱ አንዷ ነበርሁ። የዘንባባ ቀለበት ጣቴ ላይ አጠልቃለሁ፣ መስቀል ሠርቼ ግንባሬ ላይ አስራለሁ፣ በስልኬ ፎቶ እነሣለሁ፣ ከዚያ ወደ ቤቴ። ከቅዳሴው በኋላ ካህናቱ ፍትሐት ሲጀምሩ ግን መቁነጥነጥ እጀምራለሁ። በሰሞነ ሕማማት ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ለሚሞተው ሁሉ፣ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ በሆሳዕና ቀድሞ ይደረግለታል። ሕዝቡም ለራሱ ይሁን ለጎረቤቱ ሳያውቅ እስኪያልቅ ቆሞ ይሰማል።

ይህን በልጅነቴ የነገረኝ አባቴ ነው። የኮሶዬ ገበሬ ነበር። ልቡ ደክሞ ሐኪም እንዲያየው ጎንደር፣ ፀዳ ወዳለው ቤቴ አመጣሁት፤ ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። እኔ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ለሰው ኪኒን ሳድል እየዋልሁ፣ የገዛ አባቴ የጠዋቱን ኪኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆይቶ ሲውጥ ማየት አልቻልሁም። ለሕመምተኛ ተፈቅዷል ብዬ ብነግረውም አይሰማም። አንድ ጠዋት «መድኃኒቱን የማትውጥ ከሆነ እኔ ቤት ምን ትሠራለህ?» ብዬ ጮኽሁበት። እንዲህ ያለ አፍ አለኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነና ጋቢውን ለበሰ፣ በደባርቅ መኪና ተሳፍሮ አገሩ ገባ። ከዚያ ወዲያ አልደወልሁለትም፤ እሱም አላስደወለም። ትንሣኤ ሲደርስ ሄጄ ጉልበቱን እስማለሁ፣ በዓሉ ያስታርቀናል እያልሁ ነበር ልቤን የማሳርፈው።

የዚያ ዓመት ሆሳዕና ፍትሐቱ ሲጀመር ፀሐዩ በርትቶ ነበር። ነጠላዬን አስተካክዬ ልወጣ ስል አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት «ቆዪ እንጂ ልጄ፣ ዋናው እኮ አሁን ነው» አሉኝ።

«እኔ እንኳ በዚህ ሳምንት አልሞትም» ብዬ ቀለድሁባቸው።

ፊታቸውን ወደ ካህናቱ መለሱ። እኔ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።

ሰኞ ታላቅ ወንድሜ ደወለ፤ አባቴ ጠንቶበታል። ማክሰኞ ኮሶዬ ስደርስ መደቡ ላይ ጋደም ብሎ አገኘሁት። እግሩ አብጧል፤ ትንፋሹ ከበር ይሰማል። ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል መዳፉን ግንባሬ ላይ አድርጎ ገፋ አደረገኝ።

«ሕማማት ነው» አለ። «በትንሣኤ ትስሚኛለሽ።»

አውቃለሁ፤ ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ ስለሰጠ በዚያ ሳምንት መሳሳም የለም። ቢሆንም ሕጉ ይሁን ቂሙ ከፊቱ መለየት አቃተኝ። «አባየ፣ አጥፍቻለሁ» ልለው ፈለግሁ። ለቁጣ የሚፈጥነው አፌ ለይቅርታ ሲሆን ተሳሰረ። በምትኩ ኪኒኑን ውጦ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ውጫለሁ» አለኝ።

ረቡዕ ጠዋት አረፈ። በዚያው ቀን ቀበርነው። ካህናቱ ነበሩ፣ ፍትሐት ግን የለም፤ መስቀልም አላሳለሙንም። አፈሩ ሲመለስ አካፋው ድንጋይ ሲነካ ይሰማል። ስንት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ያገለገለ ሰው እንዲህ በዝምታ ይቀበራል ብዬ በውስጤ ተቆጣሁ። ቁጣዬ ገብቷቸው ይሁን እንጃ፣ አንድ ሽማግሌ ቄስ ጠጋ ብለው «የእሱ ፍትሐት እሑድ ደርሷል፤ አታስቢ» አሉኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም።

የትንሣኤ ዕለት ጎረቤት ባመጣልን ፈሰክን። ወንድሜ ብዙ አይናገርም፤ ያን ቀን ግን ለቀስተኛው ሲቀንስ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ሆሳዕና አወራኝ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ካልሄድሁ ብሎ በበቅሎ ወስደውት ነበር። ፍትሐቱ ሲጀመር አንድ ጎረቤት «ምነው አያ፣ አረፍ ብትል» ቢለው፣ «የራሴን ፍትሐት ተቀምጨ ልስማው?» ብሎ በመቋሚያው ተደግፎ እስከ መጨረሻው ቆመ።

«ስንመለስ መንገድ ላይ አንቺን አማሁሽ» አለ ወንድሜ። «እስካሁን አልመጣችም፣ ልቧ ደንድኗል አልሁት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ተቆጣኝ። ‹ተዋት፣ እሷም ይኸኔ ጎንደር ቁማልኛለች። ለፍትሐቴ ከቆመችልኝማ ታርቀናል፤ ሌላ ምን እሻለሁ› አለኝ።» ዞሮ አየኝ። «ቁመሽ ነበር አደል?»

«አዎ» አልሁት።

አለቀስሁ፤ እሱም ናፍቆት መስሎት ትከሻዬን ይዞ አባበለኝ።

ከዚያ ወዲህ በየሆሳዕናው ፍትሐቱ እስኪያልቅ ቆሜ እሰማለሁ። ዘንባባቸውን ይዘው የሚወጡትን ሳይ እንዲቆዩ መለመን ያምረኛል፤ ግን በምን አፌ። ለወንድሜ እስካሁን እውነቱን አልነገርሁትም። አባቴ ታርቆ ነው የሞተው፤ የታረቀው ግን ከቆመችለት ልጅ ጋር ነው።