ፊታቸው ወደ ግድግዳ የዞረ ድንጋዮች

ሮም፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ስንኖር ከበላያችን ባለው ፎቅ አንዲት ፓኪስታናዊት ነበረች። ልጇና ልጄ አንድ ክፍል ስለሚማሩ ጠዋት ጠዋት አብረን እናደርሳቸዋለን። የምንግባባው በተሰባበረ ጣሊያንኛ ነው። «ሶሬላ»፣ እህቴ፣ ትለኛለች፣ እኔም እንደዚያው።

አንድ ቀን አስተማሪያቸው ከየአገራችሁ የጥንት ነገር ሥዕል አምጡ አለቻቸው። ልጄ የአክሱምን ሐውልት ሣለች፤ ያኔ ገና እዚሁ ሮም ቆሞ ነበር። ጎረቤቴ ግን የምሥራቅ አገር ዕቃ ወደሚታይበት ሙዜዮ እንድሸኛት ለመነችኝ። ከተወለደችበት ተራራ የመጡ ድንጋዮች እዚያ እንዳሉ ሰምታለች።

ከቡድሃ ምስሎች መካከል አንዲት የድንጋይ ሴት ፊት ቆማ ሳቀች።

«ይቺ ቁርጥ አክስቴ! አፍንጫዋ ባይሰበር። የአክስቴ አፍንጫ እንኳን ሊጎድል ይተርፋል።»

እጇን ስትሰድ ደነገጥኩ። «አትንኪ! ጠባቂው ያይሻል።»

«ድንጋይ ነካሽ ብለው ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ወረቀቴን፣ ሊቀሙኝ?»

«ማን ያውቃል፣ ሶሬላ።»

አባቷ ሲያርስ እንዲህ ያለ ፊት ያገኝ እንደነበር ነገረችኝ። ጣዖት ነው ብሎ የሚሰብር ስላለ፣ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ከከብቶቹ ቤት ግድግዳ ጋር ይገነባዋል። ልጇ ለትምህርት ቤት እንድትወስደው የዚያችን ሴት ፖስት ካርድ ገዛች።

አውቶቡስ ውስጥ «ሐውልታችሁን ያቆሙት ክርስቲያኖች ናቸው?» አለችኝ።

«ኧረ፣ ከክርስትና በፊት ነው ይላሉ።»

«እና የኛ ነው ትላላችሁ?»

«የኛ ነዋ!»

«ለእናንተ እንዴት ይቀላል» ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ማታ እነሱ ቤት ስትጫወት የቆየችውን ልጄን ላመጣ ስወጣ ባሏ ፖስት ካርዱን ይዞ ተቀምጧል። ረጋ ያለ ሰው ነው።

«ሲኞራ፣ አያቴ ሕንድ አገር ቤቱንና የእናቱን መቃብር ጥሎ ወደ ፓኪስታን የመጣው ሙስሊም ስለሆነ ነው። አገራችን የተሠራችው ለዚያ ነው። ይህ የኛ ከሆነ እሱ ለምን መጣ?»

አልተቆጣም። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«የኔ አባት ከየትም አልመጣም» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ። «እዚያው ነበርን።»

የልጄን እጅ ይዤ ወረድኩ።

በማግስቱ ልጃቸው ለትምህርት ቤት የያዘችው የመስጊድ ሥዕል ነበር። የሚያምር መስጊድ ነው። ልጄ «አፍንጫዋ የተሰበረው ሴትዮስ?» ብትላት፣

«እሷ የኛ አይደለችም» አለች፣ ጥርት ባለ ጣሊያንኛ።

እናቷ ከኋላ ቦርሳዋን ይዛ ትሰማለች። የቦርሳውን ማንገቻ አስተካከለች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ድስት ልመልስላት ወጣሁ። ፖስት ካርዱ ከምድጃው አጠገብ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ የሚታየው ነጩ ጀርባው ብቻ ነው።

«ተገልብጦብሻል፣ ላዙርልሽ?»

እጄን ያዘችኝ። «ተዪው። አባቴም ያተረፋቸው እንዲህ አድርጎ ነው።»

ነጩ ላይ ዘይት ፈንጥቆበት ነበር። በጨርቅ ጠረግሁላትና ወረድኩ።