የሞተ አይነሣም ያለው ሰው

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ስሄድ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ አስቆመኝ። «ነጃት አይደለሽም? ግዛው ነኝ፤ አስተማሪሽ።» ሰላም አልኩት፤ ጤናውን ጠየቅሁ። በፊቱ አንቱ እለዋለሁ፤ በሆዴ ግን አንቱታውን ከነሣሁት ቆየሁ።

ነገሩ የሆነው ከብዙ ዓመት በፊት፣ በዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቴ ነበር። የመመረቂያ ሥራዬ ስለ ሴል ሽፋን ነው። ሽፋኑ በአብዛኛው ስስ ስብ ነው፤ ግን ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። ኮሌስትሮል የተሰበሰበባቸው ጠጠር ያሉ ደሴቶች አሉት። ጨውን ከሴሉ እየገፋ የሚያስወጣው ፕሮቲን፣ ፓምፕ የምንለው፣ እነዚያን ደሴቶች ይወዳል። እኔ የጠየቅሁት፣ ደሴቱ ቢፈርስ ፓምፑ ምን ይሆናል ብዬ ነው።

ፓምፑ ኩላሊት ውስጥ በብዛት ስላለ፣ ጎረቤታችን ሥጋ ሻጩ ጋሽ ጀማል ጠዋት ጠዋት ትኩስ የፍየል ኩላሊት ያስቀምጡልኝ ነበር። «ወላሂ ነጃት፣ ጠብሰሽ ብትበዪው ይሻልሽ ነበር» እያሉ ይስቃሉ። ከጭማቂ ቤት በረዶ ለምኜ፣ ኩላሊቱን በበረዶ ቀብሬ፣ ከሰፈራችን ከሳቢያን በባጃጅ እከንፋለሁ። የሚጠበሰው ባጅያ መንገዱን ሁሉ ያውደዋል፤ ግን ማን ይቆማል? የድሬ ፀሐይ በረዶ አትምርም።

ቤተ ሙከራ ገብቼ ሽፋኑን ለይቼ አወጣለሁ። ፓምፑ ሠርቶ ከሆነ፣ በመጨረሻ የምጨምረው ፈሳሽ ብልቃጡን ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ካልሠራ ገርጥቶ ይቀራል። ኮሌስትሮሉን በኬሚካል ስቤ ሳወጣ ገረጣ። ደገምኩት፤ ገረጣ። ወደ አማካሪዬ ወደ ዶክተር ግዛው ሮጥኩ።

«የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መንገድ የተዘጋብሽ ቀን አርፍደሽ አልነበር?» አለኝ ቀና እንኳ ሳይል። «ኩላሊቱ በሙቀት ተበላሽቷል። ፕሮቲኑ ሞቷል።»

«ዶክተር፣ ከዚያ በኋላ በአዲስ ኩላሊት ደግሜዋለሁ።»

«አቦ አታድርቂኝ! ሌላ ርዕስ ፈልጊ።»

ሌላ ርዕስ ማለት ከጓደኞቼ ጋር አለመመረቅ ማለት ነው። እናቴ የምርቃቴን ቀሚስ አሰፍታ ጨርሳለች። ብዙም ሳይቆይ ዶክተር ግዛው ጠረጴዛዬን ለሚወደው ተማሪ፣ ለክፍል ጓደኛዬ ለሮቤል ሰጠው። ሮቤል ሙከራዬን እንዳለ ደገመው። በእኔ እጅ ብልሽት የነበረው የገረጣ ብልቃጥ፣ በእሱ እጅ ግኝት ተባለ።

አለቀስኩ። ከዚያ እንባዬን ጠርጌ ማሰብ ጀመርኩ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ እትዬ አበበች ጥግ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። እዚያ ያወጣሁትን ኮሌስትሮል መልሼ ጨመርኩ፤ ብልቃጡ ሰማያዊ ሆነ! ፓምፑ አልሞተም ነበር። የሚሠራው ቅርጹን እየለዋወጠ ነው፤ ዙሪያውን የሚይዘው ስብ ሲጎድል መታጠፍ ይሳነዋል፤ ሲመለስለት ሥራውን ይቀጥላል። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ሁለቱም ፕሮቲኑ ሞቷል ብለው እንዲናገሩ፣ በሰው ፊት እንዲናገሩ ጠበቅኋቸው።

ሮቤል ሥራውን ባቀረበ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ፈታኝም ነበሩ። «ኮሌስትሮሉ ሲወጣ ፕሮቲኑ ይሞታል» ብሎ ሲጨርስ እጄን አወጣሁ።

«ሞቷል ወይስ ሥራ አቁሟል?»

ሮቤል ወደ ዶክተር ግዛው ዞረ። እሱም ወንበሩ ላይ እንደተንሰራፋ፣ «ሞቷል። የሞተ ደግሞ አይነሣም» አለ።

ፈታኙን አስፈቅጄ ጠዋት ያዘጋጀኋቸውን ሦስት ብልቃጦች አቀረብኩ። የመጨረሻው ፈሳሽ ብቻ ነበር የቀራቸው። ያልተነካው ሰማያዊ ሆነ። ኮሌስትሮሉ የወጣበት ገረጣ። የተመለሰለትም ሰው ሁሉ እያየው ቀስ በቀስ ሰማያዊ ሆነ።

«ኮሌስትሮሉን መልሰህ ሞክረሃል?» ብለው ፈታኙ ሮቤልን ጠየቁት።

«አልሞከርኩም።»

«ማውጣቱስ መጀመሪያ የማን ሐሳብ ነበር?»

ሮቤል አንገቱን ደፋ። «የእሷ» አለ።

የዶክተር ግዛው ፊት ከመሃሉ ብልቃጥ ይልቅ ገረጣ። እኔ ደግሞ ዓይኔን አልነቀልኩም፤ ጠግቤ አየሁት። ትምህርት ክፍሉ ሥራዬን መለሰልኝ፤ ከጓደኞቼ ጋር ተመረቅሁ፤ እሱ በቀጣዩ ዓመት የሚያማክረው ተማሪ አልተሰጠውም። አዳራሹ ውስጥ ብልቃጦቹን ባቀረብኩበት ቀን ማታ ከእትዬ አበበች ጋር ፈጢራ በማር በላን። እንደዚያ የጣፈጠኝ ፈጢራ እስከ ዛሬ የለም።

ቂም ባለቤቱን ይበላል ይሉኛል። እኔን አልበላኝም፤ አብልቶኛል። ሰነፍ ልሁን ባልኩ ቁጥር ያን ፊት አስታውሳለሁና እነሣለሁ።

ከዚራ ላይ ግን ይቅርታ ይጠይቀኝ ይሆናል ብዬ ጥቂት ጠብቄው ነበር። ፈገግ ብሎ፣ «ነጃትን ለዚህ ያበቃኋት እኔ ነኝ እያልኩ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ» አለኝ።

«እሱን መናገሩን እንኳ ለእኔ ይተዉልኝ፣ ዶክተር» አልኩትና መንገዴን ቀጠልኩ።