የጂፑ ጣሪያ ሌላኛው ጫፍ

ኪዳን የሚኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ አሮጌ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እንጀራው የሰው ጋራዥ ነው። የጋራዥ በር ይገጥማል፣ የተሰበረ ስፕሪንግ ይቀይራል፣ ሞተር ይሰቅላል። እሱ ራሱ ግን ጋራዥ የለውም። ቫኑን መንገድ ላይ አቁሞ፣ በረዶ በጣለ ቁጥር መስታወቱን ሲፍቅ ባለቤቱ ምህረት በመስኮት እያየች ትስቅበታለች።

አሜሪካ የመጣው በሱዳን በኩል ነው። መጀመሪያ ፓርኪንግ ሠራ፣ ቀጥሎ ታክሲ ነዳ። ታክሲውን ትቶ ወደ ጋራዥ በር የገባው ሥራው መጨረሻው ስለሚታይ ነበር። በሩ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ አለቀ፤ ሰው አይከራከርህም። እሁድ እሁድ ታኮማ ፓርክ፣ በኪራይ አዳራሽ በሚሰበሰብ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ከሁሉም ቀድሞ ገብቶ ወንበር ይደረድራል። ዝምተኛ ሰው ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ሙት መንፈስ ወሬ ሲነሳ ግን ዝም ብሎ አይሰማም፤ ኮቱን አንስቶ ይወጣል። የሞተ ሰው ጌታው ዘንድ ነው፣ ወደዚህ የሚመልሰው ጉዳይ የለም ባይ ነበር።

ጋሽ በፈቃዱን ያወቃቸው በሥራ ምክንያት ነው። ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ቤት የተበላሸ በር ጠግን ተብሎ ተልኮ ሲሄድ፣ በሩን የከፈቱለት ሽበታም ሰውዬ ስሙን ከሸሚዙ ላይ አንብበው፣

"ኪዳን? የኛ ልጅ ነህ እንዴ!" አሉ። ሰላምታው ሳያልቅ ደግሞ፣ "በል እግዜር ነው የላከህ፤ ይቺን ጫፍ ያዝልኝ።"

ጫፉ የጂፕ ጣሪያ ነበር። ጥቁር አረንጓዴ፣ ያገለገለች ራንግለር ናት። ከላይዋ እንደ ክዳን የሚገጠምና የሚነሳ ጠንካራ የፋይበርግላስ ጣሪያ አላት፤ የኋላና የጎን መስኮቶቹም አብረውት ነው የሚነሱት። ለአንድ ሰው አይቻልም። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ቡሎኑን ፈትቶ፣ እኩል አንስቶ፣ ወደ ኋላ ይዞት መውጣት አለበት።

ጋሽ በፈቃዱ አገር ቤት ቀያሽ ነበሩ። ባሌንና ኦጋዴንን ክፍት ላንድሮቨር ላይ ተቀምጠው ለክተዋል። በደርግ ጊዜ ታሰሩ። የታሰሩበትን ክፍል አያወሩም፣ ብቻ ከዚያ ወዲህ የተዘጋ ነገር አይወዱም። ሊፍት አይገቡም። ጥር ላይም ቢሆን የመኝታ ቤታቸው መስኮት ገርበብ ብሎ ያድራል፤ ባለቤታቸው እትዬ ዓባይነሽ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ያማርራሉ። ጂፗንም የገዟት ለዚሁ ነው። አየሩ ሞቅ ሲል ጣሪያዋ ይነሳል፣ ቅጠል ሲረግፍ ይመለሳል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለዓመታት ሌላኛውን ጫፍ የያዘው ኪዳን ነው።

አያያዛቸው ወግ ነበረው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጎን ይፈታሉ። ጋሽ በፈቃዱ ሲጨርሱ ጣሪያውን በጣታቸው አንጓ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ያደርጋሉ፤ ተዘጋጅቻለሁ ማለታቸው ነው። ከዚያ ይቆጥራሉ፦ "አንድ፣ ሁለት..." ሁለት ላይ ያነሱታል። ሦስትን ጠብቀው አያውቁም። ሸክሙ ሁሉ ዘንበል ብሎ ኪዳን ላይ ይመጣል፤ እሱም ሁልጊዜ፣

"ጋሼ፣ ቆዩ እንጂ፣ እኔ አልያዝኩም!" ይላል።

"ሦስትን ማን ቆሞ ይጠብቃል!" ብለው ይስቃሉ።

በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት ጥር፣ ያ ትልቁ በረዶ የጣለ ጊዜ፣ ጋሽ በፈቃዱ ደጃፉን ሲጠርጉ ቆይተው በቤቱ በኩል ወደ ጋራዡ ገቡ። ዘገዩ። እትዬ ዓባይነሽ ከወጥ ቤት በሚያስገባው በር ብቅ ብለው ሲያዩ፣ ጂፗ ውስጥ መሪው ፊት ተቀምጠዋል። ሞተሩ አልተነሳም። የጋራዡ በር ውጭ በተቆለለው በረዶ ተይዞ አልከፈት ብሏል፣ የጂፗ ጣሪያም ከላያቸው ተገጥሟል። ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ። እትዬ ዓባይነሽን የከነከናቸው ግን ልቡ አልነበረም። "ተዘግቶበት" አሉ ለቅሶ ለመጣው ሁሉ፤ "ያ ሰውዬ ተዘግቶበት ሞተ።"

ሚያዝያ ላይ ለኪዳን ኮል አደረጉለት።

"ኪዳንዬ፣ ያንን ጣሪያ አንሳልኝ።"

"እሺ እትዬ። ግን ሌላ ሰው ይዤ መምጣት አለብኝ፣ ለብቻ..."

"ሌላ ሰው አልፈልግም። ኮርኒሱ ላይ የሚሰቀል ማንሻ አለ አይደል? እሱን ግጠምልኝ። ከእንግዲህ እኔው ብቻዬን አንስቼ፣ እኔው ላውርደው። ደግሞ ይንኳኳል።"

"ምኑ?"

"ጣሪያው። ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ስሆን በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። ሁለት ጊዜ ይመታል፣ ዝም ይላል።"

ኪዳን የጋሽ በፈቃዱ የጣት አንጓ ትዝ አለው። ወዲያው ግን፣ "አየሩ ሲሞቅ እኮ እትዬ ፋይበርግላስ ይለጠጣል፣ ድምፅ ያሰማል" አላቸው። እውነቱን ነው፣ ያሰማል።

"ይሁን። ብቻ ና" አሉ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የዊልሰንን ድልድይ ተሻግሮ ሄደ። ቀኑ ብሩህ ነበር። በየግቢው ነጭና ሮዝ አበባ ፈንድቷል፣ ጎረቤት ሣር ያጭዳል፣ ልጆች በብስክሌት ይሯሯጣሉ። እትዬ ዓባይነሽ ጥቁራቸውን እንደለበሱ የጋራዡን በር ከውስጥ እስከ ግማሽ ከፈቱለት። ኪዳን መሣሪያውን ይዞ ሲገባ የሣር ማጨጃው ድምፅ የራቀ መሰለው። ውስጡ ከውጭው ይልቅ ይቀዘቅዛል። ይሄ ጋራዥ ያለ ነገር ነው ብሎ ሥራውን ጀመረ።

መጀመሪያ ጣሪያው የታሰረበትን ሊያይ በራሱ ጎን፣ በቀኝ በኩል ዞረ። ቡሎኖቹ እንደነበሩ ናቸው፤ ኅዳር ላይ ራሱ ያጠበቃቸው፣ አቧራ የለበሱ። ቀጥሎ በጋሽ በፈቃዱ ጎን፣ በግራ በኩል ዞረ። እዚያ ቡሎን የለም። ሁሉም ተፈትተው፣ በወጉ ተደርድረው፣ በፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

"እትዬ፣ ይሄን ማን ፈታው?"

"የቱን?"

አሳያቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጋሽ በፈቃዱ ከሞቱ ወዲህ መኪናዋን የነካት የለም፣ የጋራዡም ቁልፍ ከእሳቸውና ከልጃቸው ከሳራ በቀር ማንም ጋር የለም። ሳራ ሪችመንድ ኮሌጅ ናት። ኪዳን ከወጥ ቤቱ ስልክ ደወለላት።

"ሳራ፣ የአባትሽን መኪና ጣሪያ ፈትተሽ ነበር እንዴ?"

"ኖ፣ አንክል ኪዳን። እኔ ጋራዡ ውስጥ አልገባም። አይ ካንት" አለች። ስለጠየቃት ተጸጸተ።

ምናልባት ጋሽ በፈቃዱ ራሳቸው ከመሞታቸው በፊት ፈትተውት ይሆናል ብሎ አሰበ። ግን በገና ሰሞን ኪዳን ራሱ በጂፗ አብሯቸው እስከ አናንዴል ሄዶ ነበር፤ ቡሎኑ ተፈትቶ ቢሆን ጣሪያው ይንገጫገጭ ነበር፣ ጭጭ እንዳለ ነው የደረሱት። የቀረው ያ የመጨረሻው ቀን ነው። ልቡ የደከመ ሰው፣ በር ተዘግቶበት፣ በብርድ በደነዘዘ እጁ አንድ በአንድ ሲፈታ። ይህንን ለእትዬ ዓባይነሽ አልነገራቸውም። ሊገባ የሚችል ነገር በመሆኑ ትንሽ አረጋጋው፣ የባሰም አሳዘነው።

መሰላሉን ዘርግቶ ወጣ። ኮርኒሱን በመዶሻ እጀታ እየደበደበ ከበላዩ ወራጆቹ የት እንዳሉ ፈለገ፤ ማንሻ ኮርኒስ ላይ ብቻ ከታሰረ አንድ ቀን ሰው ላይ ይወርዳል። ሁለት ወፍራም ጣውላ ወራጆቹን አቋርጦ በረጅም ቡሎን አሰረ። በአራቱ ማዕዘን መዘውር ሰቀለ፣ በየመዘውሩ የሽቦ ገመድ አሳለፈ፣ ገመዶቹን ሁሉ ሰብስቦ ግድግዳው ላይ ከገጠመው በእጅ ከሚዞር ማንሻ ጋር አገናኛቸው። ማንሻው ጥርስ አለው፤ ሲዞር ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ቢለቁትም ወደ ኋላ አይመለስም። እንጨቱን የሚበሳበት ትራፓኖ በሚጮህበት ጊዜ ሁሉ ደህና ነበር። ሲያጠፋው ነበር ጀርባውን የሚከብደው፤ አንድ ሰው መሰላሉን ይዞለት የቆመ ያህል።

ከገመዶቹ ጫፍ ሰፋፊ የናይለን ቀበቶዎች አወረደና በጣሪያው አራት ማዕዘን ሥር አሳለፋቸው። የራሱን ጎን ቡሎኖች ፈታ። እትዬ ዓባይነሽ ከወጥ ቤቱ በር ደፍ ላይ ቆመው ያያሉ።

"ልጀምር ነው እትዬ። ከዚያ አይጠጉ።"

እጀታውን ማዞር ጀመረ። ቀጭ። ቀጭ። የላላው ገመድ ተሰበሰበ፣ ቀበቶዎቹ ቀና አሉ። ጣሪያው ከጂፗ ተላቀቀ፤ በግራ በኩል ቀድሞ። ኪዳን ቀበቶው ስላልተስተካከለ ነው ብሎ ቆመ፣ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ እጁ እጀታው ላይ ደረቀ።

በጋሽ በፈቃዱ በኩል ያሉት ሁለት ቀበቶዎች ልል ናቸው። ሆዳቸውን ጥለው፣ እንደ ተሰጣ ልብስ ተንጠልጥለዋል፤ ምንም አልያዙም። ጣሪያው ግን በዚያ በኩል ከፍ ብሏል። በቀኙ ያሉት ቀበቶዎች ደግሞ እስኪንቀጠቀጡ ተወጥረዋል። ሸክሙ ዘንበል ብሎ ወደሱ መጥቷል። ይህንን ዘንበል ማለት ዓይኑ ሳይሆን ክንዱ ነው ያወቀው።

እትዬ ዓባይነሽም አይተዋል። አልጮሁም። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ኪዳን ሊጸልይ አፉን ከፈተ። በኢየሱስ ስም ሊል፣ ሊገሥጽ። የወጣው ግን ሌላ ሆነ፦

"ጋሼ፣ ቆዩ እንጂ። እኔ አልያዝኩም።"

ለትንፋሽ ያህል ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። ከዚያ የግራዎቹ ቀበቶዎች ባንድ ጊዜ ግው ብለው ተወጠሩ። ጣውላዎቹ አቃሰቱ፣ ሸክሙ በሙሉ በገመዶቹ ላይ ወረደ፣ ጣሪያው ትንሽ ተወዛውዞ እኩል ሆኖ ቆመ። እጀታው ውስጥ ያለው ክብደት አሁን እውነተኛው ክብደት ነበር። ኪዳን ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ማዞሩን ቀጠለ፤ መተው አልቻለም። ጣሪያው ኮርኒሱ ሥር ደርሶ ሲቆም እጀታውን ለቆ መሬት ላይ ተቀመጠ።

እትዬ ዓባይነሽ መጡ። ከተከፈተችው መኪና አጠገብ ቆመው ወንበሩን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ የጋራዡን በር እስከ ላይ ከፈቱት፤ ፀሐዩ ገባ። ቡሎኖቹን በነጠላቸው ጫፍ ሰብስበው መሪው ፊት ተቀመጡ።

"መንዳት ይችሏታል እንዴ? ማንዋል እኮ ናት" አላቸው ኪዳን።

"አስተምሮኛል" አሉ።

ሞተሩ ወራት ቆሞ ስለነበር መጀመሪያ አልነሳም አለ፣ ኪዳን ከቫኑ ባትሪ ጋር አገናኝቶ አስነሳላቸው። እየዘለለች፣ እየተንገጫገጨች ወጣች። ኪዳን መንገዱ ዳር ቆሞ፣ ጥቁር ነጠላቸው ወደ ኋላ እየተውለበለበ እስከ መታጠፊያው ድረስ አያቸው። ጋራዡ ውስጥ ብቻውን ተመልሶ መግባት ግን አልሆነለትም። መሣሪያውን የሰበሰበው እሳቸው ዞረው ከመጡ በኋላ ነው።

ማታ ለምህረት ነገራት። አልሳቀችም።

"ምን ብለህ ነው ያናገርከው?" አለች።

"እንደ ድሮው።"

"መገሠጽ ነበረብህ።"

"አውቃለሁ" አለ። "አልቻልኩም። ጋሽ በፈቃዱ እኮ ናቸው።"

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ወንበሩን ደረደረ። ለመጋቢው ሊነግር አስቦ ሁለት ጊዜ ወደ ቢሮው ተጠጋ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመለሰ። ምን ብሎ ይጀምረዋል? ያየውን አየ፤ የሚያምነውን ደግሞ አልተወም። ሁለቱ ውስጡ ጎን ለጎን ተቀምጠው አልተነጋገሩም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ሰዎች ስለ ሙታን ሲያወሩ ኮቱን አያነሳም። ይሰማል።

ኅዳር ላይ እትዬ ዓባይነሽ ጠሩት፤ ጣሪያው የሚወርድበት ቀን ደርሷል። ብቻቸውን ሊሠሩት ነው፣ እሱ ቆሞ እንዲያይላቸው ብቻ ፈለጉ። ኪዳን መንገዱን ሙሉ ሲጸልይ ሄደ። እሳቸው እጀታውን ያዙ። በዝግታ፣ በጥንቃቄ አወረዱት። አራቱም ቀበቶዎች እኩል እንደተወጠሩ፣ ጣሪያው አንዴም ሳያዘነብል ወርዶ ቦታው ላይ ገጠመ። ሌላ ምንም አልሆነም። የገመዱ ሲጥታ ብቻ ነበር።

እትዬ ዓባይነሽ እጃቸውን ከእጀታው ላይ ሳያነሱ ቆዩ። አንድ ነገር እንደሚጠብቁ ያስታውቃል። ኪዳንም እየጠበቀ እንደነበር የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ሲፈራው የመጣውን ነገር።

"የለም አይደል?" አሉ።

"የሉም እትዬ።"

"ወጥቶ ሄዷል ማለት ነው።" ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። "እኔ ክፉ ሴት፣ እንዲቆይልኝ እኮ ነበር የፈለግሁት።"

ኪዳን ሃይማኖቱ የሚያስተምረውን ሊነግራቸው ይችል ነበር። አልነገራቸውም። መፍቻውን አንስቶ የቀኙን ጎን ቡሎኖች አጠበቀ፤ ከዚያ ዞሮ፣ የግራዎቹንም አንድ በአንድ አጠበቀላቸው።