ነክሼ የያዝኩት ነጠላ

መንጋጋዬ ያመኝ የጀመረው በሁዳዴ ጾም ነው። ቆሎ ስቆረጥም ከጆሮዬ ሥር ቀጭ ይላል። እየዋለ እያደረ ማዛጋትም አቃተኝ፤ አንድ ጠዋት አፌ ከሁለት ጣት በላይ አልከፈት አለ።

የምሠራው ደብረ ታቦር አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው፤ ድንች ስልጥ፣ ዕቃ ሳጥብ እውላለሁ። አብራኝ የምትሠራው ሴት አየችኝና፣

"አንች፣ ጥርስሽ ነው እኮ! ላይና ታቹ ካልገጠመ መንጋጋሽ በምን ይረፍ?" አለች።

እውነት መሰለኝ። የላይ ጥርሶቼ ወደ ውጭ የወጡ ናቸው። ትምህርት ቤት ቆሜ ሳነብ "ገጣጣ" ይሉኝ ነበር፤ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ስለዚህ የፊቶቹን ላስነቅል ቆረጥኩ። ሕመሙንም ስድቡንም ባንድ ቀን የምገላገል መሰለኝ።

የሄድኩበት የጥርስ ሐኪም ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት ነው። አንገቴን ደፍቼ "ይንቀሉልኝ" አልኩት። ከጆሮዬ ሥር በጣቱ እየተጫነ አፌን አስከፈተኝ፣ አስዘጋኝ።

"ጥርሶችሽ ጤነኛ ናቸው፤ አልነቅልም።"

"አልገጥም ብለው አይደል የሚያሙኝ?"

"ጥርሱ ገጥሞ መንጋጋውን የሚያመው ሰው አለ፤ እንዳንቺ ሆኖ አንድም ቀን የማያመው አለ። ብነቅለውም፣ በሽቦ ቢቃናም፣ ሕመሙ ይለቅሻል ብዬ ቃል አልገባም።" ወደ አፌ ጠቆመና፣ "እሱን ሁልጊዜ እንዲህ ትነክሺዋለሽ?" አለ።

ነጠላዬን ነው። አፌን ገና ከመዝጋቴ ጫፉን መልሼ ነክሼው ኖሯል።

አፌን የምሸፍነው በነጠላ ነው። እጄ ሥራ ሲይዝ ይወርድብኛል፤ እንዳይወርድ በጥርሴ እይዘዋለሁ። ድንች ስልጥ፣ ውሃ ስቀዳ፣ ሰው ሲያናግረኝ። ስንት ዓመት እንደሆነ አላውቅም።

"እሱን ተዪው። ቆሎውንም ለጊዜው ተዪ፤ ጨርቅ በሙቅ ውሃ እየነከርሽ ያዥበት።"

ወደ ጓዳዬ ተመለስኩና ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩት።

"አልነቀለልሽም?" አለች ሴትዮዋ።

"አልነቀለልኝም።"

"እንግዲያ ገጣጣሽን ይዘሽ ኑሪያ!" ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቄ መጣ። እጄ ወደ አፌ ሲሄድ ድንች ይዟል፤ መለስኩት። ያን ቀን አፌን ገልጬ ስውል፣ ከባድ ሸክም ተሸክሜ የዋልኩ ያህል ደከመኝ።

አሁን አፌ ውስጥ ሦስት ጣት ይገባል። ቀጭ ማለቱ ግን አልተወኝም። ሲደክመኝ ነጠላውን ከወገቤ ፈትቼ ነክሼው አገኘዋለሁ፤ መቼ እንደፈታሁት አላውቅም። አወጣውና እርጥቡን ጫፍ ጨምቄ መልሼ አስረዋለሁ።