የጎማ ምርቃት

ነገ ልጆቼን በራሴ መኪና ይዤ ወደ አፋር ሜዳ ልወርድ ነው፤ የዱር አራዊት ላሳያቸው። ወልድያ ግቢያችን ውስጥ ጄሪካኑን ስጭን የናፍጣው ሽታ ወዳደግኩባት ከተማ፣ ወደ ልጅነቴ መርሳ መለሰኝ።

መካኒኩ አባቴ አሮጌ ፒካፑን ጠግኖ፣ ቀንዱ እንደ ጦር የረዘመውን ሳላ ሊያሳየን ቃል የገባልን ዕለት፣ ጎህ ሳይቀድ ተጭነን ቁጭ ብለናል። ፀሐይ ከበረታች ሳላ ጥላ ፍለጋ ይሰወራል። ሞተሩ ሲነሣ ጎረቤታችን አባባ ሰይድ ከመስጊድ ሲመለሱ አዩንና ፊት ለፊታችን ቆሙ።

"ሳትመረቁ የት ልትሄዱ? ውረዱ!"

ወርደን እጃችንን ዘረጋን። ጎማውን መረቁ፤ ፍሬኑን መረቁ። "አውሬውንም ከነዚህ ልጆች ጩኸት ይጠብቀው" አሉ። እየሳቅን አሜን አልን።

አባቴ ምሥራቁን እያየ፣ "አባባ፣ ፀሐይ ልትወጣ ነው እኮ!" አላቸው።

"ትውጣ! እሷም አሚን ትበል።"

ወጣች። ሳላ ማየታችንን አላስታውስም፤ በዚያ ብርሃን የቀላው የተዘረጋ መዳፋቸው ግን ዛሬም ይታየኛል።

"እማ፣ የስልክሽን ደወል ለአስራ አንድ ሰዓት ሙዪው" አለችኝ ልጄ።

ለአስር ተኩል ሞላሁት።

"ለምን?"

"ጎማ የሚመርቅ ሽማግሌ ስፈልግ እንዳይረፍድብን።"